ትልቅ የአየር ኩለር ላስመጣ ወይስ ይቅርብኝ? (5900ኤክስ፣ አዲስ አበባ፣ ድምፅ የምቀርጽበት ክፍል)

ተራኪዋ፦

ሰላም ወገኖች። ነገሩ እንዲህ ነው። ቤቴ ውስጥ ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፣ ትረካም እቀርጻለሁ፣ ሁለቱንም የምሠራው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 9 5900ኤክስ ነው። ላዩ ላይ ያለው ኩለር (ማቀዝቀዣው) ባለ አንድ ፋን ትንሽ ነገር ነው፤ ኮምፒውተሩን የገጠመልኝ ልጅ «ይበቃሻል» ብሎ ያስገባው። ሬንደር (ያለቀውን ቪዲዮ ፋይል አድርጎ ማውጣት) ስጀምር 88፣ 89 ዲግሪ ይገባል፣ ፋኑም ይጮኻል። ሬንደሩስ ግድ የለም፣ ወጣ ብዬ ቡናዬን አፈላለሁ። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ጽሑፍ ከፍቼ እያነበብኩ ስቀርጽ፣ ምንም ከባድ ሥራ ሳይኖር፣ ድንገት ቩውው ይልና መልሶ ዝም ይላል። ይሄ መውጣት መውረዱ ቅጂው ውስጥ ይገባል፣ በሶፍትዌር ላጽዳው ስል ደግሞ ድምፄ አብሮ ይበላሻል።

የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከዋሽንግተን ይመጣል፣ «ምን ላምጣልሽ» ብሎኛል። ዓይኔ ያረፈው ኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ላይ ነው፣ 100 ዶላር ገደማ። ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ የሚሉት ደግሞ ከግማሽ ዋጋ በታች ነው፣ ሰዉም «ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ነው» ይላል። ለጸጥታ ሲባል ያን ያህል መክፈሉ ያዋጣል? አንድ ኪሎ ከምናምን ብረት ማዘርቦርድ ላይ መስቀሉስ አያሰጋም? ኬዙ ፊቱ የተዘጋ ነው፣ አየር የሚስበው በጎን ባሉ ቀዳዳዎች ነው፣ ኩለር እስከ 165 ሚሊሜትር ይገባል ተብሏል። የገዛ ወይ የሞከረ ሰው ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

ካቻቪቴ፦

እህቴ፣ ከዲግሪውም ከዲሲቤሉም በፊት ማስመሪያ አንሺ። ዲ15 ቁመቱ 165 ሚሊሜትር ነው፣ የኬዝሽም ልክ 165። በወረቀት ላይ ገባ። ግን 165 የሚሆነው የፊተኛው ፋን ዝቅ ብሎ ሲቀመጥ ነው፣ ያ ፋን ደግሞ የሚያርፈው ከራሙ (ከሜሞሪ ካርዶቹ) በላይ ነው። ሁለቱም ፋኖች ከተገጠሙ ለራም የሚተርፈው ቁመት 32 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ራምሽ መብራት ያለው ቁመታም ዓይነት ከሆነ ፋኑን ወደ ላይ ማንሳት ሊኖርብሽ ነው፣ ያኔ የጎን መስታወቱ አይዘጋም። ሳይለኩ አስመጥተው ኬዛቸውን በክፍቱ የሚጠቀሙ ሰዎች በሥራዬ ብዙ ገጥመውኛል። አቧራው ነው የሚያሳዝነው።

5900ኤክስ ደግሞ ያን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ሳጥኑ ላይ 105 ዋት ተብሎ ቢጻፍም በፋብሪካ ቅንብሩ እስከ 142 ዋት ይወስዳል፣ ከዚያ አያልፍም። የሙቀት ገደቡ 90 ዲግሪ ነው። ስለዚህ 88፣ 89 ላይ ነው ማለት ጣሪያው ጋ ደርሷል፣ ፍጥነቱንም ትንሽ ትንሽ እየቀነሰ ሊሆን ይችላል። 142 ዋት ለዲ15ም ለፒርለስ አሳሲንም ከባድ አይደለም፣ ሁለቱም ባለ መንታ ማማ (ሁለት የክንፍ ድርድር ጎን ለጎን የቆመባቸው)፣ ባለ 6 የሙቀት ቧንቧ ናቸው። ልዩነቱ አፍጥጦ የሚመጣው እነዚያ 250 ዋት የሚበሉ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ላይ ነው። አንቺ ጋ ሙቀቱን ብቻ ካየን ለልዩነቱ 60 ዶላር አልከፍልም። የፋኑን ጥራት፣ የ6 ዓመት ዋስትናውን፣ ፕሮሰሰር ስትቀይሪ የመግጠሚያ ዕቃ የማግኘቱን ነገር ካሰብሽ ግን ሌላ ሂሳብ ነው።

አሁን ወደ ኬዝሽ። እኔ የምጠረጥረው እሱን ነው። ብር ከማውጣትሽ በፊት የፊቱን ሽፋን ንቀይውና ሬንደር አስጀምሪ፣ ሩብ ሰዓት ያህል ጠብቂና ሙቀቱን እይ። 5፣ 6 ዲግሪ ከወረደ ችግሩ የኩለሩ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ኩለር ምንም ቢተልቅ የታፈነ ኬዝ ውስጥ ያንኑ የሞቀ አየር ነው መልሶ የሚያዞረው።

ነጻ መላም አለ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚገባበት የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥ ኢኮ ሞድ የሚባል ነገር አለ፣ 65 ዋት ላይ ስታደርጊው ፕሮሰሰሩ ቢበዛ 88 ዋት ነው የሚወስደው። ሬንደሩ ይዘገያል፣ ግን የዋቱ ቅናሽ የሚያስፈራውን ያህል አይዘገይም። ትረካ በምትቀርጪበት ቀን ኢኮ፣ ሬንደር በሚበዛበት ቀን ሙሉ ኃይል።

ውሃ_ይሻላል፦

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በላይ ናት እኮ! አየሩ ስስ ነው። ግምገማ የሚሠሩት ፈረንጆች ዝቅ ያለ ቦታ ተቀምጠው ነው የሚለኩት። እዚህ የአየር ኩለር ዋጋ የለውም፣ ዝም ብለሽ ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተር የውሃ ኩለር አስመጪና ተገላገዪ።

ግፊት፦

@ውሃ_ይሻላል ግማሹን አግኝተኸዋል፣ መደምደሚያው ግን ልክ አይደለም። የአዲስ አበባ አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ጋር ሲነጻጸር ክብደቱ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ፋን የሚያንቀሳቅሰው በመጠን ነው፣ በሰዓት 100 ሜትር ኩብ ከገፋ እዚህም እዚያም 100 ሜትር ኩብ ነው። ጅቡቲ ላይ ግን ያ 120 ኪሎ አየር ነው፣ እዚህ 90። ሙቀት የሚሸከመው ደግሞ ኪሎው ነው።

በቁጥር ላሳይ። 142 ዋት ሙቀት በ120 ኪሎ አየር ላይ ሲጫን አየሩ 4 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። በ90 ኪሎ ላይ ከ5 ዲግሪ ተኩል ትንሽ ያልፋል። በዚህ ላይ ስስ አየር ከአሉሚኒየሙ ላይ ሙቀት የሚያነሳው በዝግታ ነው፣ እሱንም ጨምረን በእኔ ስሌት ጠቅላላ ቅጣቱ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ቢሆን ነው። ትልቅ ያልሆነበት ምክንያት አለው። 5900ኤክስ ላይ አብዛኛው የሙቀት መሰናክል ያለው ከቺፑ እስከ ኩለሩ መቀመጫ ባለው መንገድ ነው። ቺፖቹ ትንንሽ ናቸው፣ ሙቀቱ በጠባብ ቦታ ነው የሚወጣው። እዚያ ጋ ከፍታ ምንም አያገባውም።

የውሃ ኩለርም ቢሆን መጨረሻ ላይ ሙቀቱን የሚሰጠው ለዚሁ ለስስ አየር ነው። ራዲያተሩ ላይ ያሉት ፋኖች የሚነፉት የአዲስ አበባን አየር ነው፣ ሌላ አየር አይመጣላቸውም። ስለዚህ ቅጣቱ ለሁለቱም ነው። በላዩ ላይ ፓምፕ ይጨመራል፣ ፓምፑ ደግሞ ኮምፒውተሩ ሥራ ቢፈታም ይዞራል። ማይክ ያለበት ክፍል ውስጥ ያችን የማታቋርጥ ቀጭን ድምፅ ማን ይፈልጋታል? ፓምፑ ከሞተ ደግሞ ኮምፒውተሩም አብሮ ቆመ ማለት ነው። የአየር ኩለር ላይ ፋን ቢሞት ፋን ነው የሚቀየረው።

አንድ ጊዜ አንድ ወዳጄ ደግሞ «የአየር ኩለሩ የሙቀት ቧንቧዎች ውስጥ ያለው ውሃ እዚህ ቶሎ አይፈላም ወይ» ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ ምክንያቱም አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥያቄው ጥሩ ነው፣ ግን ቧንቧዎቹ የታሸጉ ናቸው። ውስጣቸው ያለው ግፊት የራሳቸው ነው። በውስጣቸው ያለችው ጥቂት ፈሳሽ ታችኛው ጫፍ ላይ ትተናለች፣ ላይ ወጥታ ትቀዘቅዛለች፣ ትመለሳለች። ጅማም ሆነ ደሴ አንድ ናት።

ደግሞ የክፍሉን ሙቀት አትርሱ። አዲስ አበባ ውስጥ ክፍሉ 20፣ 22 ዲግሪ ነው። ድሬዳዋ ቢሆን ከፍታው ይቀንስና ክፍሉ 32 ይሆናል። ከፍታ የወሰደብንን ብርዱ ይመልስልናል። እህቴ፣ ግምገማ ስታነቢም ዝም ብለሽ «72 ዲግሪ» የሚለውን አትመኚ፣ የክፍሉ ሙቀት ስንት ነበር የሚለውን ፈልጊና ቀንሺው። ካልጻፉት ቁጥሩ ብዙም አይጠቅምሽ።

ዴይራ፦

እኔ ዱባይ ነኝ፣ ዲ15 አለኝ፣ ከ5800ኤክስ ጋር። ስለ ድምፁ እውነቱን ልንገርሽ። ሁለቱ ፋኖች ሙሉ ፍጥነታቸው በደቂቃ 1500 ዙር ነው፣ እዚያ ሲደርሱ ይሰማሉ፣ ማንም አይዋሽሽ። ወረቀቱ ላይ ያለው 24.6 ዲሲቤል በላቦራቶሪ የተለካ ነው፣ ሂትሲንክ (የኩለሩ ብረት) ላይ ሲታሰርና ኬዝ ውስጥ ሲገባ ሌላ ነገር ነው። ግን እኔ ከ900 አሳልፌያቸው አላውቅም፣ አስፈልጎኝም አያውቅም። 700 ላይ ጆሮዬን ኬዙ ላይ ካልለጠፍኩ አይሰማኝም። ድምፁም የሚነፍስ አየር ብቻ ነው፣ ሲጥ ሲጥ የለውም። ቀለሙ ክሬምና ቡናማ ነው፣ እሱን የማይወድ ጥቁሩን ይግዛ፣ እኔ ኬዜ መስታወት ስለሌለው ግድ የለኝም።

ያንቺ ዋና ችግር ግን መውጣት መውረዱ ይመስለኛል። ራይዘን እንዲህ ነው፣ ብሮውዘር ላይ አንድ ገጽ ስትከፍቺ በሰከንድ ውስጥ ከ45 ወደ 65 ዘሎ ይመለሳል። ፋኑም አብሮ ይደነግጣል። ሰው ጆሮ ላይ የሚከብደው ይሄ ነው፣ አንድ ወጥ ድምፅ እኮ ትንሽ ከፍ ቢልም ይለመዳል፣ ለሶፍትዌርም ለማጽዳት ይቀላል። ባዮስ ግቢና የፋኑን መስመር (በየሙቀቱ ስንት ዙር እንደሚዞር የሚወስነውን) እስከ 70 ዲግሪ ድረስ ዝርግ አድርጊው፣ ከ70 በኋላ ቀስ እያለ ይውጣ። ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ ፋኑ ፍጥነት ከመጨመሩ በፊት ስንት ሰከንድ ይታገስ የሚል ቅንብርም አለ፣ እሱንም ከፍ አድርጊው። ይሄን አሁን ባለው ኩለርሽ ዛሬ ማታ ልትሞክሪው ትችያለሽ። በዊንዶውስ ፕሮግራም ሳይሆን ባዮስ ውስጥ ብታደርጊው ይሻላል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ ይሠራል።

ትልቁ ኩለር የሚበልጠው እዚህ ጋ ነው። ፋኖቹ ሳይቆጠሩ ወደ 1 ኪሎ ብረት ነው። ለአሥር ሰከንድ 100 ዋት ቢለቀቅበት ብረቱ በሙሉ የሚሞቀው አንድ ዲግሪ ተኩል ያህል ነው። ስለዚህ ፋኑ ዝም ብሎ መቀመጥ ይችላል። ትንሹ ኩለር ያን ያህል መታገስ አይችልም።

ድምፁን ለመለካት ደግሞ የስልክ አፕ አትጠቀሚ፣ ጸጥ ያለ ቦታ ላይ የስልኩ ማይክ ራሱ የሚያሰማውን ነው የሚለካው። አንቺ ደህና ማይክ አለሽ። ሁልጊዜ ከምታስቀምጪበት ቦታ ሳታነቃንቂው፣ ጌይኑንም ሳትነኪ፣ ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጦ ቅጂ፣ ገጽ እየከፈትሽ ቅጂ፣ ሬንደር እያደረግሽ ቅጂ። ከዚያ በጆሮ ማዳመጫ አወዳድሪ። ማን እንደሚጮህም ለዪ፣ አንዳንዴ ሰው ሲፒዩ ይላል ግራፊክስ ካርዱ ሆኖ ይገኛል።

ውሃ_ይሻላል፦

@ግፊት እሺ ስለ ስሌቱ ተቀብያለሁ። ግን ክብደቱስ? 1 ኪሎ ከ320 ግራም ከነፋኖቹ። ማዘርቦርድ ሲጎብጥ አይቻለሁ።

ካቻቪቴ፦

ማዘርቦርድ የሚጎብጠው መግጠሚያው ደካማ ሲሆን ነው። እነዚህ ከኋላ በብረት ሳህን የሚታሰሩ ናቸው፣ ቆሞ ለሚቀመጥ ኮምፒውተር ችግር የለውም። አደጋው ጉዞ ላይ ነው። ቤት ስትቀይሪ ኬዙን በጎኑ አስተኚው፣ ማዘርቦርዱ ከታች ኩለሩ ወደ ላይ ይሁን፣ በሚኒባስ ከሆነ ደግሞ ጭንሽ ላይ ያዢው። በፖስታ ወይ በአውሮፕላን ጭነት የሚላክ ከሆነ ኩለሩ ይፈታ፣ ድርድር የለውም።

ተራኪዋ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ግፊትና ዴይራ። ሞክሬ መጣሁ።

የፊት ሽፋኑን አውልቄ ሬንደር ሳደርግ 89 የነበረው 82 ላይ ቆመ። ካቻቪቴ እንዳለው ነው። ሽፋኑን አሁንም አልመለስኩትም፣ ቁምጥ ያለ መልክ አለው፣ ግን ማን ያየዋል። የፋኑን መስመርም ዝርግ አደረግኩት። ገጽ ስከፍት የነበረው ድንጋጤ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፣ ቅጂው ላይ አሁን ያለው አንድ ዓይነት ሽውታ ነው። ከበፊቱ በጣም ይሻላል። ግን አሁንም ይሰማል፣ ምክንያቱም ትንሹ ፋን ዝቅ ብሎ እንኳ ከ1100 ዙር በታች ካወረድኩት ሙቀቱ ይወጣብኛል። ስለዚህ ትልቁን ማስመጣቱን አልተውኩም።

ራሙን ግን በማስመሪያ ለካሁት። 44 ሚሊሜትር። መብራት ያለው ነው፣ እሱም ልጁ ያስገባው። ስለዚህ ዲ15 ከሁለት ፋን ጋር አበቃለት ማለት ነው? ወይስ ኬዙን ልቀይር?

ካቻቪቴ፦

44 ከሆነ የፊተኛው ፋን 12 ሚሊሜትር ከፍ ይላል፣ 165 ላይ 12 ስትጨምሪ 177። አይዘጋም። ኬዝ መቀየር ትችያለሽ፣ አየር የሚያስገባ ወንፊት ፊት ያለው ኬዝ ብዙ ነገር ያቀልልሻል። ግን ለዚህ ብለሽ አትቀይሪ፣ ሌላ መንገድ አለ።

ዲ15ኤስ የሚባለውን እዪው። ያው ዲ15 ነው፣ ባለ አንድ ፋን፣ ፋኑም በሁለቱ ማማዎች መሃል ነው የሚገባው። ከራሙ በላይ ምንም ፋን የለም። ራም እስከ 65 ሚሊሜትር ድረስ ይፈቅዳል፣ ቁመቱም 160 ስለሆነ መስታወትሽ 5 ሚሊሜትር ትንፋሽ ያገኛል። አንድ ፋን መጉደሉ ጥቂት ዲግሪ ያስከፍላል፣ በ142 ዋት ግን አያስቸግርሽም፣ ኢኮ ሞድ ላይ ደግሞ ልዩነቱን ላታዪው ሁሉ ትችያለሽ። ለማይክ ካሰብነው የሚዞር ነገር ማነሱ ጥሩ ነው።

ለአክስትሽ ልጅ ስምና ቁጥሩን በጽሑፍ ላኪለት። በ2024 ዲ15 ጂ2 የሚባል አዲስ ሞዴል ወጥቷል፣ ባለ 8 ቧንቧ፣ በጣም ጥሩ ኩለር ነው፣ ግን ቁመቱ 168 ነው። አዲስ ስለሆነ ይሻላል ብሎ እሱን ይዞልሽ ቢመጣ ኬዝሽ ውስጥ አይገባም። ሳጥኑንም ሻንጣ ውስጥ ይግባልኝ ብሎ አይክፈተው፣ ክንፎቹ ስስ አሉሚኒየም ናቸው፣ ይጎብጣሉ።

ስትፈቺ ደግሞ ተጠንቀቂ። 5900ኤክስ ኤኤም4 በሚባለው የሶኬት ዓይነት የሚገጠም ነው፣ እግሮቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ነው። የድሮው ፔስት (በፕሮሰሰሩና በኩለሩ መሃል የተቀባው) ከደረቀ ኩለሩን ወደ ላይ ስትስቢ ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ ተነቅሎ አብሮ ይወጣል፣ እግር ይጎብጣል። መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ሬንደር አድርጊና ፔስቱ ይለስልስ፣ ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ ገመዱን ከግድግዳው ንቀዪ። ብሎኖቹን ከፈታሽ በኋላ ኩለሩን ወደ ላይ አትሳቢው፣ ቀስ ብለሽ ቀኝና ግራ ጠምዝዢው፣ በራሱ ሲላቀቅ ይታወቅሻል። አዲሱ ሳጥን ውስጥ ፔስት አለው። ረጅም፣ ጫፉ ማግኔት የሆነ ካቻቪቴ ግን አዘጋጂ፣ በማማዎቹ መሃል ብሎን ሲወድቅብሽ ታመሰግኚኛለሽ።

ግፊት፦

ከማዘዝሽ በፊት አንድ ነገር አረጋግጪ፣ የማዘርቦርዱን ጀርባ። ኖክቱዋ ለኤኤም4 የሚጠቀመው ከማዘርቦርዱ ጋር የመጣውን ኦሪጅናል የብረት ሳህን ነው፣ በሳጥኑ ውስጥ ሌላ አይሰጥም። ልጁ ያን ሳህን አውጥቶ የትንሹን ኩለር የራሱን ከገጠመ፣ ኦሪጅናሉ የት እንዳለ ከአሁኑ መፈለግ አለብሽ።

ተራኪዋ፦

የኋላውን በር ከፍቼ አየሁ። ጥቁር ነገር አለ፣ ፕላስቲክ ይመስላል። ኦሪጅናሉ ምን ዓይነት ነው?

ግፊት፦

ኦሪጅናሉ ብረት ነው፣ ከአራቱ ጠርዝ በማዘርቦርዱ ቀዳዳዎች አልፈው ከፊት የሚታዩ ጥርስ ያላቸው ክብ ጉጦች አሉት። ፕላስቲክ ከሆነ እሱ አይደለም።

ተራኪዋ፦

እንግዲያው ልጁ ጋ ልደውል። የማዘርቦርዱ ሳጥን እሱ ጋ ነው የቀረው።

ካቻቪቴ፦

ጣልኩት ካለሽ አትጨነቂ፣ የኤኤም4 ሳህን ለብቻው ይሸጣል፣ ከተበላሸ ማዘርቦርድ ላይ የተፈታም ጥገና ቤት አይጠፋም። ብሎኖቹ ከኩለሩ ጋር ይመጣሉ።